ኮቴ ስላለው ባጃጅና ስለ ገጽ አርባ አንድ

ይድረስ ለክቡር አቶ አስማረ ክንዴ
የመምህራን ሥልጠና አስተባባሪ
እንጅባራ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ደብተሬን ለሦስት ዓመት በጥንቃቄ ስለያዙልኝ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ከርሟል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ያ በስብሰባ መካከል ሳያስፈቅድ እየመጣ ጭልጥ አድርጎ የሚወስድዎ እንቅልፍ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? ቤተሰብዎስ? አላህ ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥዎ እያልኩ በየሶላቴ እለምናለሁ፤ ይህን የምለው ለወግ ያህል እንዳይመስልዎ፤ እስከሚመጣው ሐሙስ ድረስ ጉንፋን እንኳ እንዳይነካዎ ከልቤ ነው የምመኘው። ሐሙስ ዕለት የግድ መገኘት አለብዎና። እኔ በበኩሌ፣ ከሥራዋ ልትባረር ቀን የተቆረጠላት ሴት የሚቻላትን ያህል፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ይህ ደብዳቤ በብዙ ሰው እጅ ስለሚገባ ማን እንደሆንን በአጭሩ ልናገር፤ እርስዎማ ያውቁኛል፣ የእጅ ጽሑፌንም ከእናቴ በላይ ያውቁታል። እኔ በዳንግላ ከተማ የአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ፈሪዳ ሸዕባን ነኝ። ሥዕል፣ ሙዚቃ፣ ውዝዋዜና ቴአትር አንድ ላይ ተጠቅልለው በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ የሚሰጡበትን፣ ፈተና ሲቃረብ ደግሞ ለሒሳብ ማካካሻ የሚነጠቀውን ትምህርት ለአሥራ አንድ ዓመት አስተምሬያለሁ። እርስዎ ደግሞ «የሥዕል፣ የሙዚቃ፣ የውዝዋዜና የቴአትር መሠረታዊ ጽንሰ ሐሳቦች ለመምህራን» የተሰኘው ባለ ዘጠና ሁለት ገጽ ሞጁል ደራሲ ነዎት፤ ሽፋኑ ላይ የዘንገና ሐይቅ ፎቶ አለ፣ ከሐይቁ በላይ ደግሞ ስምዎ ተንሳፍፏል። የመሥሪያ ቤትዎን ስም አልጠቅስም፤ ጥፋቱ የግድግዳውና የወንበሩ አይደለምና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በጥቅምት ወር፣ ለክትትል ወደ ትምህርት ቤታችን መጥተው በስድስተኛ ክፍል የኋላ ወንበር ተቀመጡ፤ አርባውን ደቂቃ እንቅልፍዎን ሲያጣጥሙ ልጆቹ እንዳይቀሰቅሱዎ ብለው መዝሙራቸውን በሹክሹክታ ዘመሩት። በየካቲት ተመልሰው ሲመጡ ግን ክፍሉን ባዶ አገኙት። እኔና ስልሳ ሁለቱ ተማሪዎቼ ከገበያው ዳር ጋሪ ተራ ቆመን የፈረስ ኮቴ እየቆጠርን ነበር። «በፋንድያ መካከል ትምህርት የለም» የሚል ሐረግ ያለበት ማስጠንቀቂያ በደብዳቤ ሰጡኝ፤ ለማስረጃ ይፈለጋል ብለውም ስድስት ዓመት የለፋሁበትን የማስተማሪያ ደብተሬን ብብትዎ ሥር ሸጉጠው ሄዱ። ደብተሩን እንዲመልሱልኝ አራት ጊዜ እንጅባራ ተመላልሻለሁ፤ አራቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ነበሩ።

ዘንድሮ ሞጁልዎ ታተመና ሦስት መቶ መምህራን በየዙሩ ለሥልጠና ተጠራን። እኔም እንደ ሠልጣኝ ተጋብዤ፣ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጬ፣ አንዱን ቅጂ ገለጥኩት። ያ ሰዓት ምን እንደሚመስል እንዴት ልንገርዎ? ደብተሬ ነበር፤ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው፣ ምሳሌዎቼ፣ መልመጃዎቼ፣ ልጆቹ የሣሏቸው ሥዕሎች ሳይቀሩ። ሆኖም ጥርሴን ነክሼ ሦስቱንም ቀን የገዛ ሐሳቤን ከእርስዎ አፍ ተማርኩ፤ የምስክር ወረቀትም ሰጡኝ። በጥሩ ሁኔታ ላይ ነው፣ ከሌሎቹ ወረቀቶቼ ጋር አስቀምጬዋለሁ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ዝም እል ነበር፤ ወላሂ ዝም እል ነበር። ግን ደብተሬን ከመውሰድዎ በፊት ባልደረባዬ ዮናዳብ ሙሉውን ፎቶ ኮፒ አንስቶት ነበር። ዮናዳብ የሒሳብ መምህር ነው፤ ክፍለ ጊዜ ይሙላልህ ተብሎ የሥዕልና የሙዚቃ ትምህርት የተጫነበት፣ በቤተ ክርስቲያኑ ኪቦርድ የሚጫወት፣ ነገር ግን ድመት ሣል ቢሉት ድንች የሚሥል ሰው ነው። እኔ ከዚያ ወዲህ የማስተምረው ከዚያ ፎቶ ኮፒ ነው። የእርስዎ ተቆጣጣሪ ዘንድሮ መጥቶ ፎቶ ኮፒውን ከሞጁሉ ጋር አስተያይቶ፣ ከአንድ ሁለት ቃል በቀር አንድ መሆናቸውን ደርሶበት፣ ሪፖርት አደረገ። እርስዎም ዓይንዎን በጨው ታጥበው፣ «የሌላ ሰው የአእምሮ ውጤት ሰርቃ የራሷ አስመስላለች» ብለው ከሰሱኝ። የዲሲፕሊን ኮሚቴው የሚመጣው ሐሙስ እንጅባራ ላይ ይሰየማል፤ ጥፋተኛ ከተባልኩ ከመምህርነት እሰናበታለሁ። ፎቶ ኮፒዬን አቀረብኩ፤ ፎቶ ኮፒ ማስረጃ አይሆንም፣ ዋናው ይቅረብ ተባልኩ። ዋናው ያለው የእርስዎ ካቢኔት ውስጥ ነው። ካቢኔቱን ክፈቱልኝ ብዬ ባመለክትም እርስዎ እንዲህ ያለ ደብተር በዓይኔ አይቼ አላውቅም አሉ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ሙዚቃ። ደብተሬ ውስጥ ምት ምን እንደሆነ ለማስረዳት የጋሪ ፈረስ ተጠቅሜ ነበር። ዳንግላ ውስጥ ልጅ ሁሉ ከመናገሩ በፊት የሚሰማው ድምፅ ነውና፣ ፈረስ ሲራመድ አራት እኩል ምት፣ ሶምሶማ ሲል ሁለት፣ ሲጋልብ ሦስት ይሰጣል፤ አስፋልት ላይ ኮቴው ይጎላል፣ አፈር ላይ ይለዝባል ብዬ ጽፌያለሁ። ምሳሌ የሆነንም የጋሪ ነጂው የአያ ቢሻው ፈረስ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦራ ነበር። እርስዎ ይህን ሲገለብጡ ከፋንድያው ጋር ያለዎት ቅያሜ አልለቅ ብሎዎት ነው መሰል፣ ወይም ነገሩን ዘመናዊ ለማድረግ፣ ፈረስ ያለበትንም ጋሪ ያለበትንም ቦታ ሁሉ «ባጃጅ» ብለው ተኩት። ሌላውን ግን አልነኩትም። ስለዚህ በሞጁልዎ ገጽ አሥራ ሰባት ላይ እንዲህ ተጽፎ እናነባለን፦ «ባጃጅ ሲራመድ አራት ምት፣ ሶምሶማ ሲል ሁለት ይሰጣል። ኮቴው አስፋልት ላይ ይጎላል። ሽቅብ ሲወጣ የደከመው ባጃጅ ባለቤቱ አንገቱን እያሻሸ ካበረታታው ምቱን አይስትም።» ዝቅ ብሎም ቦራ የተባለው ባጃጅ ሣር ከበላ በኋላ ምቱ እንደሚፈጥን ተገልጿል።

ከአዘና በኩል የመጣ አንድ ምስኪን መምህር እጁን አውጥቶ፣ በእኛ አካባቢ ኮቴ ያለው ባጃጅ ገና አልገባም፣ በምን እናስተምር ብሎ ሲጠይቅዎ፣ ጥያቄው የጽንሰ ሐሳብ ጉዳይ ስለሆነ በሻይ ሰዓት እንመለስበታለን አሉት። አልተመለሱበትም። አያ ቢሻው ግን ነገሩን ስነግረው ፈረሱን አገላብጦ አየና፣ እንግዲህ ለቦራ ታርጋ ሊወጣለት ነዋ ብሎ ተጨንቋል፤ መልስ ቢሰጡት ደስ ይለኛል።

በዚሁ በሙዚቃው ላይ ግን የምር የሚያንገበግበኝ አንድ ነገር አለ፤ እዚህ ላይ ቀልዴን ልተው። ከደብተሬ አውጥተው የጣሉት አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ እሱም ልጆቹ ምቱን በአዊኛ እንዲቆጥሩ የሚያዘው ነው። ከገጠር ቀበሌ የሚመጡት ተማሪዎቼ፣ እቤታቸው በአዊኛ የሚያወሩት፣ አማርኛው እስኪፈታላቸው ድረስ አንገታቸውን ደፍተው ነው የሚከርሙት። ጋሪ ተራ ቆመን ኮቴውን በአዊኛ ቁጠሩልን ስላቸው ግን እነሱ መሪ፣ የከተማዎቹ ልጆች ተከታይ ሆኑ፤ ሙሉ ዓመት ድምፅዋን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ ገበያተኛው እስኪዞር ጮኻ ቆጠረች። እርስዎ ከዘጠና ሁለት ገጽ ውስጥ የማያስፈልግ ሆኖ ያገኙት ይህንን ነው። ሌላውን ሁሉ ይውሰዱ፤ ይህን ስለጣሉት ግን ይቅር አልልዎም።

፪ኛ. ስለ ቀለም። ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ መነሻ ቀለሞች ናቸው፣ ሌሎቹ ከእነሱ ይወለዳሉ የሚለውን ለማሳየት ቀለም መግዛት አልችልም ነበርና ልብስ ሰፊዎች የሚጥሉትን ቁራጭ ጨርቅ በክብ እየደረደርኩ አስተምር ነበር። ደብተሬ ላይም «ከአባቴ ሱቅ የሚተርፈውን ቁራጭ ጨርቅ በቀለም በቀለሙ መለየት» ብዬ ለራሴ ማስታወሻ ጽፌያለሁ። በሞጁልዎ ገጽ ሃያ ስድስት ላይም መምህራን ሁሉ «ከአባቴ ሱቅ የሚተርፈውን ቁራጭ ጨርቅ» እንዲጠቀሙ ታዝዘዋል።

ክቡር ሆይ፣ አባታችን አንድ መሆኑን እስከ ዛሬ ባለማወቄ አፍሬያለሁ። ዳንግላ ገበያ ጨርቅ የሚሸጠው አባቴ ሸዕባንም ገጹን ሳነብለት ሜትሩን አስቀምጦ ልጆቹን በጣቶቹ ቆጠረ። የወለዳቸው አራት ሴቶች ልጆች ናቸው፤ ዕድሜ ልኩን አንድ ወንድ ልጅ ሲመኝ ኖሯል፤ በስተርጅናው ሀምሳ ዓመት ያለፈው፣ ኮት የለበሰና የመንግሥት ወንበር ያለው ልጅ በሞጁል በኩል ይመጣልኛል ብሎ አልጠበቀም። እናቴ ግን ነገሩን በቀልድ አላየችውም፤ ይህን ወንድ የወለደችው ማን ናት ብላ ሁለት ቀን አኩርፋዋለች። የመጣው እንግዳ ሁሉ ደግሞ ሱቁ ውስጥ ወንድ ልጅዎ እንዴት ነው እያለ አባቴን ይጠይቀዋል። እባክዎ አንድ ቀን ብቅ ብለው ጣቃ ጨርቅ ያጋግዙት፤ ወገቡን ያመዋል።

ስለ ባጃጁና ስለ አባትዎ ሱቅ ሰዎች ማንሾካሾክ ሲጀምሩ፣ የጸሐፊዋ የፀጋነሽ የትየባ ስህተት ነው ብለው ፀጋነሽን በጽሑፍ ወቀሷት። ፀጋነሽ ፊቷ የተቀመጠውን የጻፈች ሴት ናት። ዕንባዋን ያየሁት እኔ ነኝ። ይህንን በዚያው በሁለተኛው ቁጥር ሥር መዝግበው ይያዙልኝ።

፫ኛ. ስለ ውዝዋዜ። የውዝዋዜ መሠረቶች አራት ናቸው፤ ሰውነት፣ ቦታ፣ ጊዜና ጉልበት። ጉልበት ማለት ሰው ሲንቀሳቀስ የሚያወጣው ኃይል ነውና ልጆቼ ቀርከሃ የሚሰነጥቅ ሰው እጅ እንዴት እንደሚቆርጥ፣ ድንች የሚኮተኩት ሰው ትከሻ እንዴት እንደሚለዝብ አይተው እንዲወዛወዙ አደርግ ነበር። እርስዎ ይህንን ክፍል ያስተማሩን ወንበሮቹ ወለሉ ላይ በተበየዱበት አዳራሽ ውስጥ፣ ማንም ከቦታው እንዳይነሳ ካዘዙ በኋላ ነው። ተቀምጠን በሐሳባችን እንድንወዛወዝ መመሪያ ሰጡን። በእኛ ዙር የነበርን ዘጠና መምህራን አንድ ሙሉ ከሰዓት በሐሳባችን ተወዛወዝን፤ አንዳንዶቻችንም በጣም ጥልቅ ወደሆነ ሐሳብ ገብተን አንኮራፋን። በዚህ ረገድ መሪያችን ማን እንደነበረ መናገር አያስፈልግም።

፬ኛውን ለጊዜው ዘልየዋለሁ። የሚጣፍጠውን ኋላ መብላት ከልጅነቴ ጀምሮ ልማዴ ነው።

፭ኛ. ስለ ቴአትር። እዚህ ላይ ከልብ አመሰግንዎታለሁ፤ በእርስዎ ምክንያት ምሳሌ ፍለጋ ከእንግዲህ አልቸገርም። ለልጆች ግጭት ምን እንደሆነ ለማስረዳት አንድ ሰው አንድ ነገር አጥብቆ ይፈልጋል፣ ሌላው ይከለክለዋል፣ ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታና ጊዜም መቼት ይባላል እል ነበር። አሁን እንዲህ እላለሁ፦ ፈላጊዋ አንዲት መምህርት ናት። የምትፈልገው ደብተሯን ነው። ከልካዩ ደብተሩን በቁልፍ ዘግቶ ደብተሩን አምጪ የሚላት ሰው ነው። መቼቱ እንጅባራ፣ የሚመጣው ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ባለፈው ሳምንት ይህንን ሰሌዳ ላይ ጽፌ መጨረሻው ምን ይሁን ብዬ ልጆቹን ብጠይቃቸው፣ ከዘንድሮዎቹም ስልሳ ሁለት ስልሳው ካቢኔቱ ይሰበር አሉ። ሁለቱ ብቻ መጀመሪያ በትሕትና ይጠየቅ አሉ። እኔ የሁለቱን ሐሳብ ተቀብዬ ይኸው ደብዳቤ ጻፍኩ።

አሁን ወደ ፬ኛው እንመለስ።

፬ኛ. ስለ ሥዕል፣ በተለይም ስለ ምጥጥን። ምጥጥን ማለት የአንድ አካል ክፍሎች እርስ በርስ ያላቸው የመጠን ዝምድና ነው፤ የአዋቂ ሰው ቁመት የራሱን ጭንቅላት ሰባት ጊዜ ተኩል ያህል ይሆናል። ይህንን ከማስተማሬ በፊት ልጆች በቅርቡ ያዩትን አንድ ሰው ከትዝታቸው እንዲሥሉ አደርጋለሁ፤ ከዚያ ስህተቱን አብረን እንለያለን። በዚያ ዓመት በጥቅምት፣ እርስዎ ክፍላችን ውስጥ ተኝተው በሄዱ በሳምንቱ፣ አንዲት ተማሪዬ አንድ ሰው ሣለች። ስሟን አልጽፍልዎም፤ ክንድዎ ረጅም እንደሆነ አይቻለሁና። ሥዕሉን ለምሳሌነት ከደብተሬ ጋር በሙጫ አጣበቅሁት። ከደብተሩ ጋር አብሮ ብብትዎ ሥር ገባ፤ ከሞጁልዎ ጋርም አብሮ ታተመ። ገጽ አርባ አንድ፣ ሥዕል አራት።

እባክዎ ሞጁልዎን ይግለጡት። አይቸኩሉ።

አዩት? ሆዱ ከቁመቱ ግማሽ ይሆናል። ጭንቅላቱ የሎሚ ያህል ነው። ዓይኑ ተጨፍኗል፣ አፉ ተከፍቷል፣ ክንዱ ላይ ጥቁር ጃንጥላ ተንጠልጥሏል፤ የኮቱ የደረት ኪስ ላይ አራት እስክሪብቶ ተሰክቷል፣ ሁለት ቀይ፣ አንድ ሰማያዊ፣ አንድ ክዳኑ የጠፋ አረንጓዴ። በሥሩም እርስዎ «ምጥጥኑን ያልጠበቀ የሰው አካል፤ መምህራን ስህተቶቹን ከተማሪዎቻቸው ጋር አንድ በአንድ ይለዩ» የሚለውን የእኔን ጽሑፍ ገልብጠዋል። በአዊ ምድር ከዳንግላ እስከ እንጅባራ ደረቱ ላይ አራት እስክሪብቶ ሰክቶ፣ አረንጓዴውን ያለ ክዳን የሚይዝ ስንት ሰው እንዳለ እርስዎም እኔም እናውቃለን። ገጹ አዳራሹ ውስጥ ሲገለጥ ዘጠና መምህራን ጸጥ ረጭ ያልነው ለምን ይመስልዎታል? ዘጠና ሰው በአንድ ጊዜ ከወረቀቱ ወደ እርስዎ፣ ከእርስዎ ወደ ወረቀቱ ሲያይ አላስተዋሉም። በትምህርቱ ተመስጠን መስሎዎት አመሰገኑን።

ራስዎን ባለማወቅዎ ግን አልፈርድብዎም፤ ሰው ተኝቶ ሳለ ራሱን አይቶ አያውቅም።

እንግዲህ ነገሬን ልጠቅልል። በሞጁሉ መግቢያ ላይ በፊርማዎ ሥር እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር አለ፤ ይህ የእኔ አይደለም፣ ከጠቅላላው ሞጁል ውስጥ በራስዎ አእምሮ ያመነጩት እሱን ብቻ ነው፦ «በዚህ መጽሐፍ ያሉትን ሥዕሎች በሙሉ ያለማንም እገዛ የሣልኳቸው በገዛ እጄ ነው።» ባጃጁን በፀጋነሽ አላክከዋል፣ የአባቴን ሱቅም እንዲሁ። ሥዕሉን ግን በማን ያላክካሉ? ፀጋነሽ የምትጽፈው በኮምፒውተር ነው፣ ሥዕል አትሥልም።

ስለዚህ ለሐሙስ ሁለት መንገድ አዘጋጅቼልዎታለሁ፤ የወደዱትን ይምረጡ። አንደኛው፣ ኮሚቴው ፊት ቆመው፣ ሞጁሉን ገጽ አርባ አንድ ላይ ገልጠው፣ «ይህ የተኛ ሰው እኔ ነኝ፤ ሆዱም የእኔ ነው፣ ጭንቅላቱም የእኔ ነው፣ ምጥጥን የሌለው ሰው ምን እንደሚመስል ለሦስት መቶ መምህራን ለማስተማር ስል በገዛ እጄ ራሴን ሣልኩ» ይበሉ። ይህንን ካሉ፣ በአላህ ስም ቃል እገባለሁ፣ እዚያው ተነስቼ ሌባዋ እኔ ነኝ ብዬ እፈርማለሁ፤ ጠመኔዬን አስረክቤም ወደ አባታችን ሱቅ እገባለሁ። ሁለተኛው፣ እኔ አልሣልኩትም፣ አንዲት ተማሪ ናት ይበሉ። ያን ጊዜ ኮሚቴው የየትኛዋ መምህርት ተማሪ ናት ብሎ ይጠይቅዎታል፤ ካቢኔቱንም ያስከፍትዎታል። ሦስተኛ መንገድ ካለ አላውቅም፤ እኔ ከትምህርት ቤት ሆኜ አሰብኩ፣ አላገኘሁትም፤ እርስዎ ከቢሮ ሆነው ያስቡ።

ደብተሬን ሦስት ዓመት ከአቧራ፣ ከምስጥና ከእኔ ስለጠበቁልኝ፣ ትምህርቴን ከስልሳ ሁለት ልጆች ወደ ሦስት መቶ ትምህርት ቤቶች ስላደረሱልኝ፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የጻፉበትንም ነገር ራስዎ አምነው ስላሳተሙልኝ፣ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በብብትዎ ሥር የቀረ ሌላ የሰው ነገር ካለም እግረ መንገድዎን ይዘው እንዲመጡ በታላቅ አክብሮት፣ ጎንበስ ብዬ፣ ከፍ ባለ ትሕትና እጠይቃለሁ።

የሞጁልዎ የመጀመሪያ አንባቢ፣ ከዚያም በፊት ጸሐፊ፣
እንደ አባታችን ፈቃድ እህትዎ፣
ፈሪዳ ሸዕባን
ዳንግላ

ግልባጭ፦
— ለሦስት መቶ ሠልጣኝ መምህራን፣ በቴሌግራም
— ለአያ ቢሻውና ለዳንግላ ጋሪ ነጂዎች፣ በቃል የሚነበብ
— ለወይዘሮ ፀጋነሽ፣ ስሟ እንዲጸዳ
— ለአባቴ ሱቅ

ከፊርማ በኋላ ትዝ ያለኝ፦

የሥዕሉ ባለቤት አሁን ዘጠነኛ ክፍል ደርሳለች። ገጹን ሳሳያት አፍራ ሳቀች፤ ያኔ ልጅ ስለነበርኩ ነው እንጂ ጭንቅላቱን ዛሬ ብሥለው እንዲህ አላተልቀውም ነበር ብላ ይቅርታ እንድጠይቅላት ልካኛለች። ይቅርታዋን ይቀበሏት።

ደግሞም ከሰኞ ጀምሮ ወደየትምህርት ቤቱ እየደወሉ፣ ሞጁሉ ለእርማት ስለሚፈለግ በአስቸኳይ ይመለስ እያሉ መሆኑን ሰምቻለሁ። አይጨነቁ፤ መምህራኑ ሕግ አክባሪ ናቸው፣ ሦስት መቶውም ቅጂ እስከ ረቡዕ ድረስ ይደርስዎታል። ከእያንዳንዱ ግን አንድ ቅጠል ይጎድላል። ገጽ አርባ አንድ በየትምህርት ቤቱ የመምህራን ማረፊያ ክፍል በር ላይ ተለጥፏል፤ ይህንንም ያደረጉት የገጽ አርባን መመሪያዎን አክብረው ነው፦ «ጥሩ የማስተማሪያ ሥዕል ሁሉም ሰው በሚያየው ቦታ ይለጠፍ።» ይህችንም ዓረፍተ ነገር የጻፍኳት እኔ ነበርኩ፤ አሁን ግን የእርስዎ ትሁን።